ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ትንፋሽ

በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተገጠመው ትንሽ ኮምፒውተር ይበራል፣ መስመር ይይዛል፤ ድምፅ ግን አያወጣም። ነርሷ ምንትዋብ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታችው።

በሕግ የተፈቀደው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከጥሪ ላይ ሳልንና የትንፋሽ ሲርሲርታን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋል። ጤነኛውም በሽተኛውም እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቆርቆሮው ውስጥ የጫነችው፣ ድጋፉ የተቋረጠው የድሮው ሲስተም የመጣውን ድምፅ እንዳለ ያሰማል፤ አዳዲስ ዕቃ ግን አይቀበልም።

«አንቺ ሴት፣ አባትሽን ደውለሽ አትጠይቂያቸውም?» አለ ባሏ ደጀኔ።

«አባባን? አልጋ ይዘውም ደህና ነኝ የሚሉትን ሰው? ጎረቤታቸው እኮ ከቤት ከወጡ ሰነበቱ አለኝ።»

ብሎኑ ከእጇ አምልጦ ምንጣፉ ውስጥ ገባ።

«ብስኩቱን ባትጨርሺው ይሻል ነበር» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እስካሁን ብልሽቱን የፈለገችው የኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ነበር። አሁን አዲሱን ድምፅ ማጉያ ነቀለችና ከመሳቢያ ያወጣችውን አሮጌ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ሰካች። ሲስተሙ ወዲያው ተቀበለው። ደባርቅ ላሉት አባቷ ደወለች።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን። ልጆቹስ?» በየቃሉ መሃል የሚያፏጭ ነገር አለ። በተፈቀደው ኮምፒውተር አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

«ደህና ናቸው። እስቲ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ አባባ።»

«ዝም ብዬ ምን ልትሰሚ ነው?»

ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ መቁጠር ጀመረች። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ቢበዛ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል። አባባ ሠላሳ አራት ጊዜ ተነፈሱ።