ለሙታን የማይሞላ ቅጽ

«አልባኒ ያሉት ጌቶች የዶሮዎቼን ስም ሲጠይቁ ደግሞ እመለሳለሁ» አለ ግዙፉ ሰውዬ፣ የሞላውን ቅጽ በመስኮቱ ሥር እየገፋ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ቨርና አብራ ስቃ ማኅተሟን አሳረፈችበትና «ቀጣይ!» አለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። አልባኒ የሚገኘው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት አዲስ የጦር መሣሪያ ሕግ አወጣ፤ ጋዜጣው ደግሞ የሽጉጥ ፈቃድ የወሰዱ ሰዎችን ስም፣ ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ጋር፣ አትማለሁ ብሎ ተነሣ። ስሜ አይውጣብኝ የሚል ሰው እየመጣ ቅጽ ይሞላል። የወረዳው ምክር ቤት ትናንት ተሰብስቦ ሕጉን በሙሉ ድምፅ ተቃውሟል። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቨርናም ብድግ ብላ «እኔ እዚያ መስኮት ላይ እያለሁ አንድ ስም አይወጣም!» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናግቶላታል። ጭብጨባው ደስ አላላትም ማለት አይቻልም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመረጧትም ያለችውን ስለምታደርግ ነው።

ቀጣዩ ኤልተን ነበር። ከብት አርቢ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳሉ በሁለት ክፍል ይበልጣት ነበር። አንድ ልጁን ዌስሊን ከቀበረ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። ቆቡን አውልቆ ሲቀርብ ከኋላው የነበረው ሳቅ ጸጥ አለ።

«አንተ እኮ ሽጉጥ የለህም ኤልተን» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የኔ አይደለም።»

ቅጹን አዙሮ አሳያት። «ስም» በሚለው ቦታ ላይ፣ በዚያ ትልልቅና ጠማማ ፊደሉ የልጁን ስም ጽፏል። «ምክንያት» ከሚለው ሥር ካሉት ሣጥኖች ግን አንዱም አልተነካም።

«የቱ ላይ ምልክት ላድርግ? ፖሊስ አልነበረም። የፍርድ ቤት ምስክርም አልነበረም።»

ቨርና መነጽሯን አወለቀች። «ፈቃዱ እኮ ተሰርዟል። ይሄ በሕይወት ላለ ሰው ነው የሚሞላው፣ ወንድሜ።»

«መዝገቡስ አለ አይደል?»

«አለ።»

«ቀኑም አለበት።»

«አለበት።»

ኤልተን ግንባሩ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ። «ሰኞ ነው የሰጠሽው፤ ሐሙስ ነው የሞተው። ሸሪፉ ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እናቱ፣ ኮራ፣ ሽጉጡ የአያቱ ነው የሚመስላት። ጎተራ ውስጥ አግኝቶት ሲወለውል ባረቀበት አልኳት፣ አመነችኝ። ጋዜጣ ላይ ቀኑን ካየች ግን…» ወደ ሰልፉ ገልመጥ አለ። «ፈቃዱን አምስት ወር ጠብቋል እኮ ቨርና! አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት አብሮን እንቁላል እየበላ።»

ቀኑን ለማወቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልጋትም። «ደረሰልህ፣ ና ውሰድ» ብላ የደወለችለት ራሷ ናት። ዌስሊ መጥቶ ፈረመ፣ ስለ በረዶው ቀለደ፣ እጇን ጨብጦ አመስግኗት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊት ስንት ጊዜ መላልሳ አስታውሳዋለች፤ ያመለጣት ነገር ግን እስከ ዛሬ አልታያትም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኮራ ማወቋ ነው። ባለፈው ዓርብ ደውላ «ጋዜጣው ቀኑንም ያወጣዋል?» ብላ ጠይቃታለች። የልጇን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው ፈቃዱን ያገኘችው። «ኤልተን ባርቆበት ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ይሄን ከሰማ ይሞትብኛል። ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ በልጆችሽ!» አለቻት። ቨርናም በልጆቿ ማለችላት።

ኤልተን ቅጹን በጣቱ ሥር ለሥር እየተከተለ ያነባል። «ይኸውልሽ፤ የመጨረሻው። ‹የትዳር ጓደኛዬን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ስለሆነ› ይላል። ይሄ አይሆንም?»

«ይሆናል» አለች ቨርና።

እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ምልክቱን አደረገ። ለሞተ ሰው የተሞላ ቅጽ ምንም ዋጋ የለውም፤ የትም አይደርስም። ቨርና ግን ማኅተሟን አነሣችና ከሰዎቹ ሁሉ ቅጽ ይልቅ ለዚህኛው ተጠንቅቃ፣ ቀለሙ እንዳይንሸራተት ቀጥ አድርጋ አተመችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለና ቆቡን አጠለቀ።

«ኤልተን!»

ዘወር አለ። አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትቀረው። ያቺን ቃል ብትተነፍሳት፣ አንዱ ላሞቹ መሀል፣ አንዷ መታጠቢያ ቤት ተደብቀው የሚያለቅሱት ሁለት ሰዎች ዛሬ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለቅሱ ነበር። ከኋላው ግን ቅጻቸውን የያዙ ሠላሳ ሰዎች ቆመው ያይዋታል፤ እዚህ መስኮት ላይ የተነገረ እዚሁ ይቀራል ብለው የመጡ ናቸው። መሐላዋም አለ።

«ኮራን…»

«ኮራን ምን?»

«ሰላም በልልኝ።»

«እሺ። መኪና ውስጥ ናት። ግቢ ብላት ይበርደኛል አለችኝ።»

ቨርና ለሰልፈኞቹ «አንዴ» አለችና ወደ መንገዱ መስኮት ሄደች። ኮራ መኪናው ውስጥ አቀርቅራ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኤልተን ገና መኪናው ኋላ ሳለ ቆም አለና በእጅጌው ፊቱን ጠራረገ። የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ኮራ ቀና አለች፤ በሁለት መዳፏ ፈጥና ዓይኗን አበሰች። በሩ ተከፈተ፤ ተያዩና እኩል ፈገግ አሉ።