የምትሟሟዋ ቱቦ

ቀዶ ሐኪሟ ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ ከሽማግሌው ጎን በወጣው ቱቦ ወደ ከረጢቱ የሚወርደውን ፈሳሽ ታያለች።

“ያፈሳል አይደል?” ይሏታል ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ። ጡረታ እስኪወጡ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። “መገጣጠሚያው አልያዘም።”

“እሱን የላቦራቶሪው ውጤት ይንገረን፣ ጋሼ። ሲስተር ልታመጣው ሄዳለች።”

ከቀዶ ሕክምናው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ዕጢውን ከነቆሽታቸው ጫፍ ቆርጣ አውጥታ፣ የቀረውን ከአንጀታቸው ጋር ሰፍታዋለች። ቆሽታቸው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር፤ የሚያስቸግረው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው። ስፌቱ ካፈሰ የቆሽቱ ጭማቂ የገዛ ሥጋቸውን ይበላል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በዚሁ ሰበብ ከእጇ አምልጠዋታል። ስለዚህ በዚህኛው ስፌት ውስጥ የጣት አንጓ የምታህል ቀጭን ቱቦ አኑራለች፤ ቁስሉ እስኪሽር ጭማቂውን ወደ አንጀት ታሳልፍና ቀስ በቀስ ትሟሟለች።

“አርባ ዓመት ቧንቧ ገጥሜያለሁ” ይላሉ ሽማግሌው። “የሚሟሟ ቧንቧ ይዞ የመጣብኝን ሠራተኛ ግን በዚያው ቀን ነበር የማባርረው!”

“አርባ ዓመት ቆሽቴን ስታሳርር ኖረህ” ይላሉ ባለቤታቸው ከአልጋው ግርጌ፣ “ጭራሽ የታመመው ያንተ! አሁን አርፈህ ተኛ።”

“ኧረ አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይበጠሳል!” ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይደግፋሉ።

ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ትገባለች። ሐኪሟ ቁጥሩን አንዴ ታነበዋለች። ከዚያ የሽማግሌውን ስም አመሳክራ ትደግመዋለች። ባለቤታቸው ፎጣ ማጠፋቸውን ትተዋል።

“ይሄ ተራ የቁስል ፈሳሽ ነው፤ ከቆሽትዎ የወጣ ጠብታ የለም። ስፌቱ ይዟል።”

“እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?” ዶክተር ማለቱን ረስተውታል።

“እርግጠኛ ባልሆን ይሄን አልነቅልም ነበር።” ጓንቷን ታጠልቃለች። “አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ… አሁን ያውጡ።”

ቱቦው ሾልኮ ይወጣል። ነርሷ ቀዳዳውን በፋሻ ትሸፍነዋለች።

“ያቺኛዋስ? የውስጧ?”

“እሷ ሥራዋን ስትጨርስ በራሷ ጊዜ ትጠፋለች።”

“ደግ” ይላሉ ሽማግሌው። “አላባርራትም።”

ሐኪሟ በር ላይ ደርሳ ዞር ትላለች። ሽማግሌው በጎናቸው ተኝተው ማንኮራፋት ጀምረዋል። ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ያበጡ እግሮቻቸውን የአልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግተዋል።