ክሬኑ ያልመታባቸው አርባ አንድ ጨዋታዎች

«ኳሷ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው ያረፈችው!»

«የምን መኪና ማቆሚያ? ሐይቁ ውስጥ ነው የገባችው! ዓሣ ገድላለች!»

መጠጥ ቤቱ በሳቅ ተናጋ...

አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ሌክ ሄቨን... ከስታዲየሙ ፊት ለፊት።

ሃያ የሚሆኑ አሮጌ የቤዝቦል ደጋፊዎች የደበዘዘ ማሊያቸውን ለብሰው ተሰብስበዋል።

የሚያወሩት ስለ ሩዲ ኮቫች ነው። «ክሬኑ» ይሉት ነበር።

በዘመኑ ኳስ በዱላ መትቶ ከአጥር ውጪ በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም... ክንዱ የሰው ጭን ያህል ነበር።

በኋላ ግን ጉዱ ወጣ። ጡንቻው በተከለከለ መድኃኒት መርፌ የመጣ ነበር።

ያጨበጨበለት ሁሉ «አጭበርባሪ» አለው። ክለቡም ለክብሩ የሰቀለውን የማሊያ ቁጥሩን ከስታዲየሙ ግድግዳ አወረደው።

ባለፈው ጥር በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ መርፌው የጎዳት ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ...

አንድ ሰው ግን አልተወውም። ዌንደል።

ዌንደል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው... ያለው ክሬኑ ብቻ ነው።

በሚያመው ጉልበቱ ቤት ለቤት እየዞረ «ቁጥሩ ይመለስ» ብሎ ፊርማ ለቀመ። ክለቡም በመጨረሻ «ቤተሰቡ ከፈረመ እንመልሰዋለን» አለ።

ዛሬ የክሬኑ ሚስት ልትፈርም መጥታለች።

ዌንደል ወንበር ሳበላት።

«ወይዘሮ ኮቫች፣ ምን ልዘዝልዎት? ቢራ? ሆት ዶግ?»

«ውሃ ይበቃኛል። ጆሊን በለኝ።»

ብዕሩን አነሳች... ግን ወዲያው አልፈረመችም።

«ሩዲ ቤት ውስጥ ስለ ጨዋታ አያወራም ነበር። እስቲ እናንተ ንገሩኝ... ምኑን ነው የምትወዱት?»

ከደጋፊዎቹ ሎሬታ ቀደመች። «ኳስ የሚይዝበትን ጓንት ወርውሮልኛል! ባሌ እስኪሞት ድረስ ሲቀና ኖረ!»

ሌላው ደጋፊ ስታን ቀጠለ። «ጭንቅላቱ እየተለቀ ኮፍያው በየዓመቱ ይጠበው ነበር እኮ! እኛ ጅሎቹ ወተት ስለሚጠጣ ነው እንል ነበር!»

ዌንደል በክርኑ ጎሸመው። «አፍህን ያዝ አንተ ሽማግሌ! ሚስቱ ፊት!»

ጆሊን ግን ፈገግ አለች... «ተወው፣ እውነቱን ነው።»

ዌንደል ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። የእሱ ታሪክ ከሁሉም እንደሚበልጥ ያውቃል...

«የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ክሬኑ መምታት አቅቶት ነበር። ትከሻው ታሞ... ያስታውሱታል?»

«አስታውሳለሁ።»

«እኔ የአልጋዬን አንሶላ አወጣሁና ቀለም ቀባሁበት። ‹ክሬኑ ከቆመ ይህን ያህል ጨዋታ› ብዬ። ስታን ቁጥሮቹን ቆረጠልኝ። እሱ ፊት ለፊት፣ አጥሩ ላይ ሰቀልነው!»

ደጋፊዎቹ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። አስታወሱት...

«በየጨዋታው ቁጥሩን እቀይራለሁ። አሥር! ሃያ! ሠላሳ! እሱ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ስታዲየሙ በሙሉ አብሮኝ ይቆጥራል። አርባ አንድ ደረስን። በማግስቱ ምን አደረገ መሰለዎት? ኳሷን ከስታዲየሙ አስወጣት! ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው!»

ዌንደል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሌሎቹ ጓንት ነው ያገኙት። እኔ ግን... ክሬኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ጆሊን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ነህ እንዴ...»

ወደ ዌንደል ዞረች።

«መርፌውን የሚሸጥ ሰው ‹ውሰድ› እያለ ሁለት ዓመት ለምኖታል። እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ወይዘሮ...»

«ቁጥሩ ሃያ ሲደርስ በእንቅልፉ መቁጠር ጀመረ። ‹አሥራ ስምንት... አሥራ ዘጠኝ...› እያለ ያልበዋል። ሃያ ሁለት ሲደርስ ወደ ሰውየው ደወለ።»

የውሃ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች...

«ራሱን መውጋት አልቻለም። የወጋሁት እኔ ነኝ... ሚስቱ። መድኃኒቱ ቶሎ አልሠራም። እናንተ ቁጥሩን ትጨምራላችሁ፣ እኔ መርፌ እጨምራለሁ። አርባ አንድ እስክትደርሱ።»

ዌንደል የፊርማውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ።

«አንተን ብቻ አልከስም» አለችው። «እኔም አለሁበት። ግን ግድግዳ ላይ አውጥታችሁ እንደገና እንድትጮኹበት አልፈርምም። አሁን ይረፍ።»

ውሃዋን እንኳን ሳትጠጣ ተነስታ ወጣች...

በሩ ሲዘጋ ስታን ወደ ዌንደል ዞረ።

«ምን አይነት ሰው ነህ? እንዲህ ያለ ነገር ለሚስቱ ይነገራል?»

«ስታን... ቁጥሮቹን የቆረጥከው እኮ አንተ ነህ።»

«አንሶላው ግን ያንተ ነው!»

ሎሬታም ተነሳች። «አንተ ነህ የገደልከው!»

ከኋላ አንዱ «ኡ... ኡ...» ማለት ጀመረ። ሌላው ተቀበለው። ልክ ተጫዋች ሲያሳፍሩ እንደሚጮኹት...

ዌንደል የሰበሰበውን ፊርማ ጠረጴዛው ላይ ትቶ እያነከሰ ወጣ።

ዳግመኛ ወደዚያ ቤት አልመጣም። ስልክ ደውሎ የጠየቀውም የለም...

ወዳጆቼ... ሰው ሲሳሳት ጣት ለመቀሰር ሁላችንም አንደኛ ነን። ገደል አፋፍ እስኪደርስ ስንገፋው ግን እጃችንን አናየውም።

ጭብጨባም ይገድላል። ቀልድም ይገድላል።

እኔም ባለፈው ልጄ ሰባተኛ ወጥታ ስትመጣ «አንደኛዋ ካንቺ በምን ትበልጣለች?» አልኳት። ማታ እራቷን አልበላችም... ይሄው እስካሁን ይቆጨኛል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ጆሊን አለመፈረሟ ልክ ነው? ከዌንደልና አብረውት ከቆጠሩትስ ማን ይብሳል?

የልባችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ...