ምልክቷ ቃሬዛ ነው

የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ቀንሶ የወረዳው ጤና ጣቢያ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሕመምተኛ ከተማ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። በወረዳው የምትወዳደር አንዲት እጩ ለምርጫ ምልክቷ ቃሬዛን መረጠች።

በክርክሩ ቀን የበጀት ቅነሳውን የደገፈው ተፎካካሪዋ ሳቀባት። "ምን ዓይነት ሟርት ነው! ጤና ጣቢያው ሸክም ነበር፤ ወረደልን።"

"አልወረደም ወንድሜ፤ ከእናንተ ጠረጴዛ ወደ እኛ ትከሻ ዞረ እንጂ። መንግሥት ያቆምነው ለብቻችን እንዳንሸከም ነው። ጤና ጣቢያውን አስከፍታለሁ፤ የተባረሩትን ሐኪሞችም እመልሳለሁ!" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ዘንድሮ ቃሬዛ የተሸከማችሁ፣ እጃችሁን አንሡ!"

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ከተፎካካሪዋ ጀርባ የቆመው አጃቢም እጁን አነሣ።

ተፎካካሪዋ በቁጣ ዞረበት። "አንተ ደግሞ ማንን ተሸከምክ?"

አጃቢው እጁን አላወረደም።

"የእርስዎን እናት።"