አበባ የተጠለቀለት ፎቶ

መርከቡ ለአንድ ቀን ሙምባይ ሲቆም ሴትየዋ ከሕንዳዊው አስጎብኚዋ ጋር ወረደች። እንደ ሌሎቹ መንገደኞች ለሽርሽር አልነበረም የመጣችው፤ መርከበኛው ባሏ በዚህ ወደብ ከወረደ ወዲህ የበላው ጅብ አልጮኸም።

የገበያው ግርግር እየገፋ አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ አደረሳት። ቀና ስትል የገዛ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሲለያዩ ለባሏ የሰጠችው። ትኩስ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውለታል።

«አልረሳኝም!» አለች።

አስጎብኚው አቀረቀረ። «እመቤቴ፣ በእኛ አገር ፎቶ ላይ አበባ የሚጠለቀው ለሞተ ሰው ነው።»

ይህን ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት ከጓዳ ብቅ አለች። እንግዳዋን አይታ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ተንበርክካ እየተንቀጠቀጠች ትለማመጥ ጀመር።

«ምን እያለች ነው?»

አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹እህቴ፣ ባላችን በየማለዳው ያለቅስልሻል፤ ምን አጓደልንብሽና መጣሽ?› ነው የምትለው።»