ከገደሉ በኩል

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ፣ ቀትር ላይ ጉም ወረደብን። ከፊት የሚመሩኝ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት አያ አስማረ ስሜን እየጠሩ ይሄዳሉ፤ እኔም እመልሳለሁ። በጉም ጊዜ ደንቡ ይህ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ወደ ገደሉ ስቷል ማለት ነው።

«ቤዛዊት!»

«አቤት!»

«ምነው ዘገየሽ እቴ? ባጃጅ ልጥራልሽ?»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ከቀኝ፣ ከገደሉ በኩል፣ «ቤዚዬ፣ በዚህ ነይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአድማሴ ድምፅ ነበር፤ አምና የቀበርኩት የባለቤቴ። ሐዘኔ ነው ብዬ «አቤት» አላልኩትም። እግሬ ግን ወደዚያ ዞረ።

አያ አስማረ ተመልሰው ክንዴን ያዙኝ።

«ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አሉና ወደ ጉሙ ጮኹ። «ጌታው፣ ይመለሱ! እዚያ መሬት የለም!»

«አውቃለሁ» አለ አድማሴ።