የኖኤሚ ጉንጭ

ዮሊማ የተቦረቦረ ጉንጯን በመርፌ ለማስሞላት የወሰነችው መንትያዋ ኖኤሚ ከሞተች በኋላ ነው። የካሊ ከተማ ሴቶች ለሠርግ ያስሞላሉ፣ ባል ሲሄድባቸው ያስሞላሉ፣ ጎረቤት ስላስሞላችም ያስሞላሉ። የዮሊማ ምክንያት ግን ከነዚህ ውስጥ አልነበረም።

ኖኤሚ ስፔን አገር የሰው ሽማግሌ ስትጦር ኖራ፣ መኪና ገጭቷት እዚያው ተቀበረች። ለእናቷ ለዶኛ ኤልቪያ የነገራቸው የለም። ዓይናቸውን ስኳር ካጠፋው ቆይቷል፤ ኩላሊታቸውም ደክሟል። መርዶው ይገድላቸዋል ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ተማክሮ ደበቃቸው።

ድምፅ አላስቸገረም፤ የመንትዮቹ ድምፅ አንድ ነው። ዮሊማ እሑድ እሑድ ጓሮ ትወጣና ወደ ቤት ትደውላለች።

"እማዬ፣ ኖኤሚ ነኝ። እዚህ ብርዱ ሊጨርሰን ነው።"

አሮጊቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ሲዘጋ ዮሊማ ዓይኗን ጠራርጋ ሾርባ ይዛ ትገባለች።

"እህትሽ ደወለች" ይሏታል።

"ምን አለች?" ትላለች ዮሊማ።

እያደር ግን ስልኩ አልበቃቸውም። ቄሱ መጥተው የመጨረሻውን ቅባት ቀቧቸው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ አለ። እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን አንቀው ያዙ። "ኖኤሚ ትምጣ" አሉ። "በእጄ ሳልነካት የትም አልሄድም።"

ዮሊማን ይህ አንገበገባት። ስታጥባቸው፣ ስታጎርሳቸው፣ ስታገላብጣቸው የኖረችው እሷ ናት። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚጠሩት ግን ያችኛዋን ነው። ከእራት በኋላ አንዳንዴ የዮሊማን ጉንጭ ይዳብሳሉ፤ ጣታቸው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ስለተበላሸው መልኳ እያዘኑ እንደሆነ ይገባታል።

ብጉር በልጅነታቸው ሁለቱንም ነው የወረራቸው። ኖኤሚ ሳትነካው ዳነች። ዮሊማ መስታወት ፊት ቆማ አንድ በአንድ አፈረጠችው። ከዚያ በኋላ በፊታቸው መሃል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ሆነ፤ እናታቸው ደግሞ በጣታቸው የሚያዩት እሱን ነው።

ዮሊማ የምትሠራው ስብ ያስመጠጡ ሴቶች የሚታጠቁትን ጥብቅ መታጠቂያ በሚሰፋ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቷ ማርሌኒም እዚያው ከጎኗ ትሰፋለች። ዮሊማ ጉንጯን ልታስሞላ ቀጠሮ መያዟን እንደሰማች አላስቻላትም።

"አንቺ፣ ማነው እሱ? በዚህ ዕድሜ ጉንጭ የሚሞላው ለሚስም ሰው ነው!"

"ለሚዳስስ ሰው ነው" አለች ዮሊማ።

"ውይ፣ ባለጌ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማርሌኒ ሳቋን የዋጠችው መንገድ ላይ እውነቱን ስትሰማ ነው።

በቀጠሮው ቀን ዶክተር ኢሳሳ የዮሊማን ቆዳ በሁለት ጣቷ ወጠረችው።

"ሲወጠር የሚጠፋው ጠባሳ ይሞላል። እንደ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ የጠለቀው ግን እሺ አይልም፤ ይታያል።"

"ቢታይ ግድ የለኝም። ሲነካ ብቻ እንዳይታወቅ ያድርጉልኝ።"

ዶክተሯ ግራ ገባት። ጉንጩን አደነዘዘችው። መርፌውን ከቆዳው ሥር አግድም አስገብታ ጠባሳውን ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ክር መሰል ሥጋ በጠሰች፤ ከዚያ በተፈታው ቦታ ላይ ቆዳ የሚሞላውን ጄል ጨመረች። ሲያልቅ መስታወት ሰጠቻት።

ዮሊማ መስታወቱን አልተቀበለችም። ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ዳሰሰች። የእህቷን ፊት ነበር የነካችው። እዚያው አልጋው ላይ እሪ ብላ አለቀሰች።

"አመመሽ እንዴ?"

"አይ። እህቴ ናፍቃኝ ነው።" ከዚያ ጠየቀች፦ "ይሄ እስከ መቼ ይቆያል?"

"አንድ ዓመት ገደማ።"

"እናቴ ያን ያህል የላትም" አለች ዮሊማ።

እብጠቱ እስኪጎድል ከእናቷ እጅ ሸሸች። ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝሽ አለቻቸው። ዶኛ ኤልቪያ በየማታው እጃቸውን ወደ እሷ ይዘረጉና፣ የሚነኩት ሲያጡ ቀስ ብለው አንሶላው ላይ ይመልሱታል።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ማርሌኒ ሻንጣ እያንኳኳች በሩን በረገደችው። "ዶኛ ኤልቪያ! ማን እንደመጣ ገምቱ! ኖኤሚ!"

"ዮሊማስ?" አሉ አሮጊቷ።

"መድኃኒት ቤት ሄዳለች።"

ዮሊማ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ከሩቅ የመጣ ልጅ እንደሚያደርገው ምርቃት ጠየቀች፤ "እማዬ፣ መርቂኝ።"  ጣቶቹ አንዲት ጉድጓድ ካገኙ አለቀላት።

ሁለቱ መዳፎች መጡ። ግንባሯን ዳሰሱ፣ ወደ ጉንጯ ወረዱ፣ ወደ አገጯ ሄደው እንደገና ወደ ጉንጯ ተመለሱ። ረጅም ጊዜ ፈለጉ።

"ኖኤሚ" አሉ እናቷ። "እውነትም ኖኤሚ ነሽ። እሰይ! እሰይ ልጄ! ተመስገን!"

በጠፋው ዓይናቸው እንባ ወረደ። ማርሌኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዮሊማ መዳፎቹን ጉንጯ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ በገዛ ፊቷ ሳለች እናቷ እንዲህ ሲደሰቱ አይታ አታውቅም። ይሁን፣ አለች በሆዷ። የኖኤሚ ደስታም ቢሆን ደስታ ነው፤ ጠግበው ይሂዱ።

"ነፍሴን ይዤ የጠበቅኩሽ እኔ ስሄድ እህትሽ ብቻዋን እንዳትቀር ነው" አሉ ዶኛ ኤልቪያ፣ እጃቸውን ከጉንጯ እያነሱ፤ "በይ አሁን ዮሊማዬን ጥሪልኝ፣ ያንን የተቦረቦረ ፊቷን ይዤ ልሙት።"